መኪና ሲነካካ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት እንዴት ይወጣል? ከአስፋልቱ እስከ ኢንሹራንሱ ጠረጴዛ

«ሰው አልተጎዳም፤ ፓራውልት ብቻ ነው የተነካው። ሪፖርት የግድ ነው? የሚወጣውስ ከየት ነው?» ይህ ጥያቄ ሳይቋረጥ ይደርሰናል። የሚያሳዝነው ግን አብዛኛው ጠያቂ የሚመጣው መኪኖቹ ከተነሱና ሌላኛው አሽከርካሪ ስልክ ማንሳት ካቆመ በኋላ ነው። ያኔ ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነው። ስለዚህ መመሪያው የሚጀምረው ግጭቱ ከደረሰበት ደቂቃ ነው። ቢሮ ሄደው የሚቀበሉት ወረቀት የሚጠቅም ወይም የማይጠቅም የሚሆነው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አስፋልቱ ላይ በሠሩት ሥራ ነውና።

እዚህ የተጻፈው ንብረት ብቻ ለተጎዳበት ግጭት፣ ያውም ለአዲስ አበባ ነው። በክልል ከተሞችም ቅደም ተከተሉ ያው ሲሆን የቢሮዎቹ ስም ይለያያል። ሰው ከተጎዳ፣ ትንሽ መጫጫር እንኳ ቢሆን፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ወደ 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) እና ወደ 991 (ፖሊስ) ይደውሉ። ተጎጂውን ማሳከም ከሁሉም ይቀድማል፤ የጤና ተቋማትም በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

ሪፖርቱ ምን ይሠራልዎታል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል። የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ ማለት ነው። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። የእርስዎ መኪና ጉዳት 80,000 ብር፣ የሌላው 20,000 ብር ነው እንበል። ድምሩ 100,000 ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት ካልተቻለ እያንዳንዳችሁ 50,000 ብር ትሸከማላችሁ። መስመርዎን ይዘው እየሄዱ ሌላው ገብቶ ገጭቶዎት ቢሆን እንኳ ከእሱ የሚያገኙት 30,000 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው 50,000 ከኪስዎ ይወጣል። ይህን የሚቀይረው ዋናው ማስረጃ የፖሊሱ ፕላን (ቦታው ላይ ተለክቶ የሚሳለው የአደጋው ንድፍ) እና ሪፖርቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ኢንሹራንስ ነው። የሦስተኛ ወገን ሽፋን ብቻ ካለዎት የእርስዎ ኢንሹራንስ የራስዎን መኪና አያሠራም። የሚሠራልዎት የጥፋተኛው ኢንሹራንስ ነው፤ እሱ ደግሞ ደንበኛው ጥፋተኛ መሆኑን በጽሑፍ ካላየ አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን ቢኖርዎትም ኩባንያዎ ከፍሎ ከጥፋተኛው ለማስመለስ ሪፖርቱን ይፈልገዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ መኖር ያለባቸው፦
– ነጭ ጠመኔ፣ 2 ወይም 3 ፍሬ (የጎማ ቦታ ለማመልከት)
– የ5 ሜትር ሜትር
– ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት
– እስክሪብቶና ትንሽ ደብተር (የስልክ ባትሪ ባለቀ ቀን ዋጋው ይታወቃል)
– የሊብሬና የኢንሹራንስ ፖሊሲ ኮፒ

ቢሮ ሲሄዱ የሚይዟቸው፦
– መንጃ ፈቃድ፣ ዋናውና 2 ኮፒ
– ሊብሬ፣ ዋናውና 2 ኮፒ
– የኢንሹራንስ ፖሊሲ ወይም የሦስተኛ ወገን የምስክር ወረቀት፣ 2 ኮፒ
– የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ
– የታተሙ ፎቶዎች፣ ቢያንስ 6
– ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ከሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ የተሰጠ ውክልና፤ የድርጅት መኪና ከሆነ ማህተም ያለበት የድርጅቱ ደብዳቤ

ውክልናውን አቅልለው አይዩት። ቃል የሚሰጠው አሽከርካሪው ነው፤ ካሳ የሚጠይቀው ግን ባለንብረቱ ነው። የወንድምዎን መኪና ሲነዱ ቢጋጩ ቃልዎን ይሰጣሉ፣ ኢንሹራንሱ ጋ ሲደርሱ ግን ያለ ውክልና ማንም አያስተናግድዎትም። ብዙ ሰው የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ያቁሙ፣ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፣ ምልክቱን ያስቀምጡ

ሞተሩን ያጥፉ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ። አንጸባራቂውን ከመኪናው ኋላ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ መኪና በፍጥነት በሚሄድበት እንደ ቀለበት መንገድ ባለ ቦታ የበለጠ ያርቁት። ተሳፋሪ ካለ ወደ እግረኛ መንገዱ ይውጣ። ከመጀመሪያው ግጭት ይልቅ የሚያስፈራው በቆሙት መኪኖች ላይ የሚመጣው ሁለተኛው ነው።

2. ምንም ነገር ሳይነካ ፎቶ ያንሱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ። ሰው ተሰብስቦ እየተከራከረ ሳለ እርስዎ ፎቶ ያንሱ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

ሀ. ከ15 እስከ 20 ሜትር ርቀው ከአራቱም አቅጣጫ አንድ አንድ። በየፎቶው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር ይግባ፦ የመብራት ፖል፣ የሕንፃ በር፣ የዜብራ መስመር። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላኑን የሚለካው ከቋሚ ነገር ተነስቶ ስለሆነ በኋላ ልኬቱ ላይ ክርክር ቢነሳ ማስተያየት የሚቻለው በእነዚህ ፎቶዎች ነው።

ለ. የሁለቱም መኪኖች ታርጋና የተነካካው ቦታ በአንድ ፎቶ ላይ። የተለያዩ ፎቶዎች «ይሄ ጭረት ከሌላ ቀን ነው» የሚል ክርክር ያመጣሉ።

ሐ. የሁለቱም መኪኖች የፊት ጎማ። ወደ ግራ የተጠመዘዘ ጎማ ያ መኪና መስመር እየቀየረ ወይም እየታጠፈ እንደነበር ይጠቁማል። መኪናው አንድ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ይህ ማስረጃ ጠፋ፤ የሚመልሰው የለም።

መ. መሬቱ። ጎንበስ ብለው ይዩት። ሲጋጩ ከፓራፋንጎ ስር ደረቅ ጭቃ ይረግፋል፤ ይህ ጭቃ ባብዛኛው የሚወድቀው ከግጭቱ ነጥብ አጠገብ ነው። የመብራትና የፍሬቻ ስባሪ ግን መኪናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ተፈናጥሮ ይርቃል። ጭቃው በማን መስመር ውስጥ እንደረገፈ በግልጽ ከታየ ማን ወደ ማን መስመር እንደገባ ያሳያል። መንገድ ጠራጊ ወይም ዝናብ ሳይቀድምዎት ያንሱት።

ሠ. ጭረቱ በቅርብ፣ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም ቁልፍ ተይዞ። ከመሬት እስከ ጭረቱ ያለውን ቁመት በሁለቱም መኪኖች ላይ በሜትር ለክተው ልኬቱ እየታየ ያንሱ። ከሌላው መኪና የተላለፈ ቀለም ካለ እሱንም።

ቁመቱ ለምን ያስፈልጋል? አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ዳገት ላይ የሚነሳው ክርክር ደግሞ ሁሌም አንድ ነው። የኋለኛው «ወደ ኋላ ተንሸራቶ መጣብኝ» ይላል፣ የፊተኛው «ከኋላ ገጨኝ» ይላል። ፍሬን ይዞ እየተንሸራተተ የመጣ መኪና አፍንጫው ዝቅ ስለሚል የሚመታው ከቆመበት ቁመቱ ዝቅ ብሎ ነው። የቁመት ልዩነት ብቻውን ጉዳዩን አይዘጋም፤ ከጎማ ጭረትና ከምስክር ጋር ሲደመር ግን ክብደት አለው። ዳገት ላይ ከሆኑ የምስክር ስልክ ሳይዙ አይሂዱ።

ረ. በመጨረሻ በሁለቱም መኪኖች ዙሪያ እየተራመዱ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ። መኪናዎ ውስጥ ካሜራ ካለ ፋይሉን ያኔውኑ ወደ ስልክዎ ይገልብጡ፤ እነዚህ ካሜራዎች ሲሞሉ አሮጌውን እያጠፉ በላዩ ይቀዳሉ።

3. የሌላውን ወገን መረጃ ይያዙ

የአሽከርካሪው ስም፣ ስልክ፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥርና ደረጃ፤ የባለንብረቱ ስም፤ የኢንሹራንስ ኩባንያውና የፖሊሲ ቁጥሩ። ስልኩን እዚያው ደውለው ይሞክሩት። የፊት መስታወት ላይ የተለጠፈውን ቦሎና የሦስተኛ ወገን ምልክት በግልጽ ፎቶ ያንሱ፤ የሚያበቃበት ቀን መነበብ አለበት።

ታርጋ ሲጽፉ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። ያው ቁጥር በኮድ 2ም በኮድ 3ም ሊኖር ይችላል፤ የክልሉ ፊደልም ይለያያል። ኮዱ ወይም ፊደሉ ከተዘለለ ሪፖርቱ የማያውቁት ሰው መኪና ላይ ሊያርፍ ይችላል። የገጨዎት ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ከሆነ የመኪናውንም የተሳቢውንም ታርጋ ይያዙ፤ ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ አለው።

4. ትራፊክ ፖሊስ ይጥሩ

991 ይደውሉ ወይም በአቅራቢያ ያለ ትራፊክ ፖሊስ ያስጠሩ። ቦታውን ሲናገሩ አቅጣጫውንም ይንገሩ፦ «ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ በቀኝ በኩል» እንደ ማለት። ይህ ለመገኘት ብቻ አይደለም። ጉዳዩን የሚይዘው አደጋው የደረሰበት ክፍለ ከተማ ስለሆነ በሁለት ክፍለ ከተማ አዋሳኝ ላይ «የኛ አይደለም፣ የነሱ ነው» መባባል ሰዓት ይበላል። ቤትዎ ኮልፌ ሆኖ ቦሌ ላይ ቢጋጩ መዝገቡ ያለው ቦሌ ነው፤ ኮልፌ ሄደው አይፈልጉት።

መኪናውን ማንሳት ይቻላል ወይ? ፕላን ሳይነሳ ባይነካ ይመረጣል። ፖሊሱ በስልክም ሆነ በአካል «አንሱ» ካለ፣ ወይም ቦታው ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ፣ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ይጨርሱ። ከዚያ የሁለቱን መኪኖች የስምንቱንም ጎማዎች ቦታ በጠመኔ ያመልክቱ፤ እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን በሚነካበት መሐል ላይ የ«ተ» ምልክት ይበቃል። ምልክቱንም ፎቶ አንስተው ወደ ዳር ይውጡ።

5. ፕላን ሲነሳ አጠገቡ ይቁሙ

ትራፊክ ፖሊሱ የመንገዱን ስፋት፣ መኪኖቹ የቆሙበትን ቦታ፣ የፍሬን ምልክት ካለ ርዝመቱን ይለካል፤ የግጭት ነጥብ የሚባለውንም ይወስናል። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነጥብ ነው። ነጥቡ በእርስዎ መስመር ውስጥ ከተቀመጠ ሌላው ገባብዎት ማለት ነው፤ በእሱ መስመር ከተቀመጠ ተቃራኒው። ሲለካ የረገፈውን ጭቃና ስባሪ በአክብሮት ያሳዩት። ሥራውን አያቋርጡ፤ ግን አይራቁ።

እንዲፈርሙ ሲቀርብልዎ አራት ነገር ያረጋግጡ፦ የሰሜን አቅጣጫ ወይም የመንገዱ ስም፣ የሁለታችሁ መኪኖች የሚሄዱበት ቀስት፣ የግጭቱ ነጥብ፣ ታርጋዎቹ። ያልተስማሙበት ካለ ከመፈረምዎ በፊት ይናገሩ፤ ልዩነትዎ በጽሑፍ እንዲያዝ ይጠይቁ። የተፈረመበት ፕላን በኋላ ሲቀየር ማየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ከመለያየታችሁ በፊት የፖሊሱን ስም፣ የሚቀርቡበትን ቢሮ፣ ቀንና ሰዓት ይጻፉ። መንጃ ፈቃድዎ ከተያዘ የተያዘበትን ወረቀት ሳይቀበሉ አይሂዱ፤ እስኪመለስ ድረስ ሌላ ትራፊክ ቢያስቆምዎ የሚያሳዩት እሱን ነው።

6. ለኢንሹራንስዎ በዚያው ቀን ያሳውቁ

የንግድ ሕጉ ቁጥር 670 ኢንሹራንስ የገባ ሰው አደጋ መድረሱን ባወቀ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ እንዲያሳውቅ ያዛል። «መጀመሪያ ሪፖርቱ ይውጣና» ብለው አይጠብቁ፤ ሪፖርቱ ከ5 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። በስልክ ካሳወቁ በኋላ በአካል ሄደው የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ይሙሉ።

ጥፋቱ የሌላው ነው ብለው ቢያምኑም ያሳውቁ። ምርመራው በተቃራኒው ቢያልቅ ያልተነገረው ኢንሹራንስ ክርክር ያነሳብዎታል።

ቅጹ ላይ የጻፉት ለፖሊስ ከሚሰጡት ቃል ጋር አንድ መሆን አለበት። ፎቶ አንስተው ያስቀሩት፤ ፖሊስ ጋ ሲሄዱ ያነቡታል። በአንዱ «ቆሜ ነበር» በሌላው «ቀስ ብዬ እየሄድኩ ነበር» ከሆነ ክፍያው የሚዘገየው በዚህች ቃል ነው።

7. ቃል ይስጡ

በተቀጠረው ቀን ከጠዋቱ 2፡30 ይድረሱ። ቀኑ ሲገፋ ፋይሎች ስለሚደራረቡ ከሰዓት በኋላ የሄደ ብዙ ጊዜ ለነገ ይቀጠራል። ቃልዎ አጭርና በቅደም ተከተል ይሁን፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ከየት ወደ የት ይሄዱ እንደነበር፣ በስንተኛው መስመር፣ በግምት በምን ፍጥነት፣ ሌላውን መኪና መጀመሪያ የት እንዳዩት፣ ምን እንዳደረጉ (ፍሬን፣ ክላክስ፣ መሪ)፣ የት እንደተነካካችሁ።

ያላዩትን አይናገሩ። «ስልክ እያወራ ነበር መሰለኝ» የሚል ግምት ቃልዎን ያዳክማል፤ ካዩት ግን «ስልኩን በግራ እጁ ይዞ አይቼዋለሁ» ይበሉ። የራስዎ ስህተት ካለም አይደብቁ፤ ፕላኑ የሚያሳየውን ቃልዎ ከካደ የሚታመነው ፕላኑ ነው፤ እውነት የተናገሩበት ቀሪው ቃልዎም አብሮ ይወድቃል። ጸሐፊው የጻፈውን እያንዳንዱን መስመር አንብበው ይፈርሙ። ፎቶዎቹን አሳትመው ይስጡ፤ ስልክ ላይ አሳይቶ መመለስ መዝገብ ውስጥ አይቀመጥም። ተሽከርካሪዎ ለቴክኒክ ምርመራ እንዲቀርብ ከታዘዘም ይቅረብ፤ ፍሬኑና መብራቱ ከግጭቱ በፊት ይሠሩ እንደነበር የሚጣራው እዚያ ነው።

8. ሪፖርቱን በደብዳቤ ያስጠይቁ

ሪፖርቱ ዝም ብሎ የሚታደል ወረቀት አይደለም። የተለመደው መንገድ ኢንሹራንስ ኩባንያው አደጋው ለደረሰበት ክፍለ ከተማ ፖሊስ የሪፖርት መጠየቂያ ደብዳቤ መጻፉ ነው። ደብዳቤው የሁለቱን ታርጋ፣ የአደጋውን ቀንና ቦታ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ከያዘ ፋይሉ ቶሎ ይገኛል። የመዝገብ ቁጥሩን ቃል በሰጡበት ቀን ጠይቀው ይዘው ይምጡ።

ደብዳቤውን ራስዎ የሚያደርሱ ከሆነ ሁለት ኮፒ ይያዙ፤ አንዱ ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማ፣ ቀንና ማህተም ያስደርጉ። «ደብዳቤው አልደረሰም» የሚል መልስ ሲመጣ የሚያድንዎት ይህ ኮፒ ነው። የሚከፈል ነገር ካለ በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ይክፈሉ።

9. ሪፖርቱን እዚያው ቆመው ያንብቡ

ሪፖርቱ በእጅዎ ከተሰጠ ከቢሮው ከመውጣትዎ በፊት ያንብቡ። የሚከተሉት ትክክል መሆን አለባቸው፦ ታርጋ ከነኮዱ፣ የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር፣ የሁለቱ አሽከርካሪዎች ስምና የመንጃ ፈቃድ ደረጃ፣ የተጎዱ ክፍሎች ዝርዝር፣ የአደጋው ምክንያትና ጥፋተኛው፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማህተም። በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ወደ ኢንሹራንስ የሚላክ ከሆነ አይክፈቱት፤ ኢንሹራንሱ ሲከፍተው አብረው ያንብቡ።

የተጎዱት ክፍሎች ዝርዝር ላይ ይቆዩ። «የፊት ፓራውልት» ብቻ ተጽፎ የፊት መብራት፣ ኮፈንና የራዲያተር ማቀፊያው ከተዘለሉ ሰርቬየሩ (ጉዳቱን የሚገምተው የኢንሹራንሱ ባለሙያ) «ሪፖርቱ ላይ የለም» ሊል ይችላል። ከውጭ የማይታይ ጉዳት ሊኖር እንደሚችል ቃልዎ ውስጥ አስቀድሞ ማስያዝ ይጠቅማል።

ቀንና ሰዓት የብዙ ሰው ካሳ የሚታሰርበት ነው። የፖሊስ ሪፖርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ የኢንሹራንስ ፖሊሲ ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጆች ነው። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የደረሰ አደጋ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 20 ቀን 2025 ነው። ፖሊሲዎ በታደሰበት ወይም ባበቃበት ሳምንት ከሆነ የተጋጩት፣ አንድ ቀን መሳሳት ሽፋን አለ የለም ያሰኛል። ሰዓቱም እንደዚያው፦ ሪፖርቱ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ያለውን ቅጹ ላይ «1» ብለው ብቻ ከሞሉት ከሰዓት በኋላ 7 ሰዓት ተደርጎ ይነበባል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የደረሰ አደጋ ከሆነ ደግሞ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ተብሎ ቀኑ ከነሰዓቱ ተሟልቶ ይጻፍ፤ አንዱ ሰኞ ሌላው ማክሰኞ ብሎት ሁለት የተለያየ አደጋ እንዳይመስል።

ስህተት ካገኙ በብዕር አይነካኩ። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ኢንሹራንስ አይቀበልም። የስህተቱን ቦታ ጠቅሰው አጭር ማመልከቻ ይጻፉ፣ የሊብሬ ኮፒ ያያይዙ፣ በማህተም የተስተካከለ ሪፖርት ይጠይቁ። የፊደልና የቁጥር ስህተት በዚህ መንገድ ይታረማል። ጥፋተኝነቱ ላይ የማይስማሙ ከሆነ ግን ማመልከቻው ለመርማሪው የበላይ ኃላፊ ይሁን፤ «አልተስማማሁም» ብቻ አይበሉ፤ በፕላኑ ላይ የትኛው ልኬት ከየትኛው ፎቶ ጋር እንደሚጋጭ ለይተው ያሳዩ።

10. ያስረክቡ፣ ከዚያ ብቻ ያሠሩ

ሪፖርቱን ኮፒ አድርገው ዋናውን ለኢንሹራንሱ ያስረክቡ፤ የእርስዎ ኮፒ ላይ የተቀበሉበት ማህተም ይደረግ። ሰርቬየሩ መኪናውን አይቶ ፎቶ ሳያነሳ ጋራዥ አያስገቡ። የተሠራ መኪና ጉዳቱ ስንት እንደነበር አይናገርም፤ የገዙበት ደረሰኝም ብቻውን አያሳምንም። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች አይጣሉ፤ ኢንሹራንሱ ገቢ አድርጉ ሊል ይችላል።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

መንገድ ላይ ተስማምቶ መለያየት። ጉዳቱ የአምፖል ዋጋ ከሆነ ምንም አይደለም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን «ነገ አሠራልሃለሁ ወንድሜ» የሚል ቃል ብቻ ይዘው አይሂዱ። የግድ ከተስማሙም በወረቀት ይሁን፦ ስም፣ ታርጋ፣ ጥፋቱን ማመኑ፣ የሚከፈለው ብርና ቀን፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ። ከታች ያለውን ማስጠንቀቂያ ግን ሳያነቡ አይፈርሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከኢንሹራንስዎ ካሳ የሚጠይቁ ከሆነ ለሌላው ወገን «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት በጭራሽ አይፈርሙ። የንግድ ሕጉ ቁጥር 683 ኢንሹራንሱ ከከፈለ በኋላ በእርስዎ ቦታ ተተክቶ ጥፋተኛውን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። እርስዎ መብቱን ከለቀቁ ኢንሹራንሱ የሚተካበት መብት አይኖርም፤ «አልከፍልም» ለማለት በቂ ምክንያት ሰጡት ማለት ነው።

ሌላ አሽከርካሪ ጥፋቱን እንዲወስድ ማድረግ። የመንጃ ፈቃዱ ጊዜ ያለፈበት ወይም ደረጃው ያልሆነ ሰው ሲነዳ ቆይቶ ሌላው «እኔ ነበርኩ» ይላል። ይህ ለፖሊስ የሐሰት ቃል መስጠት ነው፤ በወንጀል ያስጠይቃል። የመንገድ ካሜራ ባለበት ከተማ ለመጋለጥም ቅርብ ነው።

ከቀናት በኋላ መሄድ። ፖሊሱ ያላየውን ቦታ ፕላን ሊያነሳ አይችልም። የሚያገኙት ቢበዛ «እንዲህ ብለው አመልክተዋል» የሚል ማስረጃ ነው፤ ጥፋተኛውን አይለይም።

ለየት ያሉ ሁኔታዎች

ሌላው አሽከርካሪ ካመለጠ። ታርጋውን ሙሉ ባያዩት እንኳ የያዙትን ቁጥር፣ የመኪናውን ዓይነትና ቀለም፣ የሄደበትን አቅጣጫ ወዲያው 991 ላይ ያስመዝግቡ። አያሳድዱ። በዙሪያው ያሉ ባንኮች፣ ሆቴሎችና ሱቆች ካሜራቸው ወደ መንገዱ የሚያይ መሆኑን አይተው ቅጂው እንዳይጠፋ በዚያው ቀን ይጠይቁ፤ የማይሰጡ ከሆነ የካሜራውን ቦታ ለመርማሪው ያመልክቱ፣ ፖሊስ በደብዳቤ ያስወጣዋል።

ሌላው ለኢንሹራንሱ አላሳውቅም ካለ። ጥፋተኝነቱ በሪፖርት ከተረጋገጠ በኋላም ዝም የሚል ይኖራል። የመኪናው የፊት መስታወት ላይ ያነሱት ፎቶ የሚጠቅመው አሁን ነው። ኩባንያውን ያውቁታል፤ ሪፖርቱን አያይዘው በቀጥታ ለካሳ ክፍሉ ማመልከቻ ያስገቡ፣ ኮፒው ላይ ማህተም ያስደርጉ። ኩባንያው ደንበኛውን ራሱ ጠርቶ ያናግረዋል።

እንቢታው ከቀጠለ ቀኑን ይቁጠሩ። ገጪውን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ለመክሰስ ያለዎት ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ ከራስዎ ኢንሹራንስ ጋር ለሚኖር ክርክርም የንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ያስቀመጠው 2 ዓመት ነው። በስልክ የተነገረ «እያየነው ነው» ጊዜውን አያቆመውም።

ቆሞ ሳለ የተገጨ መኪና። ጠዋት ወጥተው በሩ ተቦድሶ ካገኙት ሞተር ሳያስነሱ ፎቶ ያንሱ፤ መሬት ላይ የቀረ የሌላ መኪና ስባሪ ካለ በላስቲክ ይሰብስቡ። የስፖኪዮ ወይም የመብራት ስባሪ ላይ ብዙ ጊዜ የዕቃ ቁጥር ይኖራል፤ በእሱ የመኪናው ዓይነትና ሞዴል ይታወቃል። ማታ ያቆሙበትንና ጠዋት ያዩበትን ሰዓት ጽፈው፣ የሰፈሩን ጥበቃ ስምና ስልክ ይዘው፣ መኪናውን ከቦታው ሳያነሱ ፖሊስ ያስጠሩ።